ስለ እርጉዝ አሳማ ቀለብና በውስጡ ስለሚገባው አሰር

አሰር የምንለው ከእህልና ከሣር ውስጥ በጨጓራና በትንሹ አንጀት የማይፈጨውን ክፍል ነው፤ ይኸውም በፉርሽካና በገለባ በብዛት ይገኛል። ላም ገለባ በልታ ወተት የምትሰጠው ጨጓራዋ ባለ አራት ክፍል ስለ ሆነ ነው። የአሳማ ጨጓራ ግን አንድ ክፍል ብቻ በመሆኑ፣ አሰር ለእርሷ ከንቱ ነው ብሎ የሚገምት ብዙ ነው። ግምቱ ለግልገሏ በከፊል እውነት ነው፤ ለእርጉዝ እናት ግን አይሠራም።

የነገሩ መነሻ ረኃብ ነው። አሳማ 115 ቀን ያህል ታረግዛለች። በዚህ ጊዜ የፈለገችውን ያህል እንድትበላ ቢተዋት ትወፍራለች፤ የወፈረች እናት ደግሞ ስትወልድ ትቸገራለች፣ በማጥቢያዋም ሰሞን የምግብ ፍላጎቷ ይቀንሳል። ስለዚህ አርቢው በቀን ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚሆን የተመጠነ መኖ ይሰጣታል። ይህ ለሰውነቷ ይበቃል፤ ሆዷ ከሚጠይቀው ግን ከግማሽ ብዙ አይበልጥም። ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሳው የቀረውን ቀን ተርባ ትውላለች። በጠባብ የብረት ጉረኖ የተዘጋባት እንደ ሆነ ብረቱን ደጋግማ ትነክሳለች፤ አፏ ባዶ ሳለም ታኝካለች።

አሰር የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ጨጓራን ይሞላል፣ የመብሊያውንም ጊዜ ያስረዝማል። ቀጥሎ በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ባክቴርያዎች ያብላሉትና አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ የተባሉ አሲዶች ይወጡታል፤ እነዚህም ወደ ደም ገብተው ኃይል ይሆናሉ። የአዋቂዋ ትልቁ አንጀት ሰፊ ስለ ሆነና መኖውም በዝግታ ስለሚያልፍበት ከግልገሏ ይልቅ ትጠቀምበታለች። ስታርች ኃይሉን ከምግብ በኋላ በቶሎ ሲሰጥ፣ ይህኛው ለብዙ ሰዓት ቀስ በቀስ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ አሰር ሁሉ አንድ አይደለም። በአውሮፓ ሹገር ቢት ከተባለው ሥር ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ተረፈ ምርት በቀላሉ ስለሚብላላ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመሰገነ ነው። (በወንጂ ከሸንኮራ አገዳ ከሚቀረው ጋር ግን አይምታታ፤ የአገዳው እንጨትነት ስለሚበዛበት ብዙ አይብላላም።) የስንዴ ገለባም እንዲሁ ኃይሉ ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ በማኘኩና በመቆፈሩ ነው።

አርቢው ሊጠነቀቅበት የሚገባው ሒሳቡ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት በቀን 30 ሜጋ ጁል ያስፈልጋታል እንበል። ኪሎው 12.5 ሜጋ ጁል ከሚሰጥ መኖ 2.4 ኪሎ ይበቃታል። አሰር ተጨምሮበት ኪሎው 10 ሜጋ ጁል ቢሆን ግን 3 ኪሎ መስጠት ይገባል። ሚዛኑ ሳይለወጥ ያው 2.4 ኪሎ ቢሰጣት 24 ሜጋ ጁል ብቻ አግኝታ ከድርሻዋ አንድ አምስተኛውን ታጣለች፤ ሆዷ ሞልቶ ሰውነቷ ይከሳል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2001 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባወጣው መመሪያ፣ እርጉዞች ረኃባቸው እንዲቀነስና የማኘክ ፍላጎታቸው እንዲሟላ፣ ኃይል ከሚሰጠው መኖ ሌላ አሰር የበዛበት ምግብ በበቂ መጠን እንዲሰጣቸው አዘዘ። ስንት ኪሎና የትኛው ዐይነት እንደ ሆነ ግን አልወሰነም። በእኔ አስተያየት ጉድለቱ ይህ ነው፤ ከላይ እንዳየነው ጥጋቡን የሚወስነው ዐይነቱ ነውና።

አሰር የግልገሎችን ቁጥር ያበዛል የሚሉም አሉ። የሙከራዎቹ ውጤት ግን እርስ በርሱ አይስማማም። የተሻለ የተመሰከረለት፣ በእርግዝና ጊዜ አሰር የለመደች እናት በማጥቢያዋ ሰሞን ብዙ መብላቷ ነው። ድርቀትንም ይከላከላል። ረኃቡን ማስታገሡ ብቻውን በቂ ምክንያት ሆኖ ሳለ፣ በግልገል ቁጥር ማስደገፍ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በመጨረሻም የሚብላላ መኖ ሙቀት ስለሚፈጥር በብርድ አገር ይጠቅማል፣ በቆላ ግን ይከብዳል። ፋንድያውም ይበዛል። ፉርሽካውና ገለባው እርጥበት አግኝቶ ከሻገተ ደግሞ ፉዛርየም የተባለው ሻጋታ ዜራሌኖን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ይህም እንደ ሴት ሆርሞን እየሠራ የአሳማን መራባት ያውካል።