ውርጭ ያቆመው ግድግዳ

የደቡብ ጎንደር ደጋ ገበሬ ውርጭን የሚያውቀው በጠላትነት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ያደረ እንደሆነ፣ በጉና ተራራ ግርጌ ያልደረሰ ባቄላና ገብስ ተመትቶ ያድራል፤ የድንች ቅጠልም በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ይኸው ውርጭ በሌላው ዓለም የግንባታ ሥራ ላይ ሰው ሕይወቱን አምኖ ከሥሩ የሚቆምበት ግድግዳ ሆኗል። መሐንዲሶች ውሃ ያዘለና ሲቆፍሩት የሚናድ አፈርን እዚያው መሬት ውስጥ እንዳለ አቀዝቅዘው ድንጋይ ያስመስሉታል። ከዚያ መሐሉን ቆፍረው ዋሻውን ወይም ጉድጓዱን ይገነባሉ። ሥራው ሲያልቅ ማቀዝቀዣው ይጠፋል፤ በረዶውም ቀልጦ ውሃ ይሆናል።

የጉና ውርጭ ራሱ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር በላይ ቢነሣም አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ነውና፣ ሌሊት የረጋው አፈር ረፋድ ላይ ይፈታል። በአገራችን ከፍተኛ ተራሮች ማለዳ እርጥብ መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የበረዶ ዘንጎች ጠጠርና አፈር ከአናታቸው ተሸክመው ቆመው ያገኛል፤ ፀሐይ ሲነካቸው ተጋድመው ይቀልጣሉ። ቅዝቃዜው ከጥቂት ሳንቲ ሜትር አይዘልቅም። ጥቂት ሜትር ከተወረደ የአፈሩ ሙቀት በጋም ሆነ ክረምት ያው ነው። በሳይቤሪያ ግን ብርዱ ራሱ ሠራተኛ ነበር፦ የወርቅ ቆፋሪዎች በበረዶው ወራት ጥቂት ቆፍረው ይተዉትና ቅዝቃዜው ወለሉንና ግድግዳውን እስኪያጠነክረው ጠብቀው እንደገና ይወርዱ ነበር። ብርዱ በማይገኝበት አገር በማሽን መሥራት ግድ ነው።

ለመሆኑ አፈርን ማቀዝቀዝ እስኪያስፈልግ የሚያደርስ ምን ችግር አለ? ደቡብ ጎንደር ጠንካራ አለትንም የሚናድ አፈርንም ይዟልና መልሱ እዚያው ይገኛል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ፣ በከተማዋ አቅራቢያ ጋፋት ላይ የተሠራውንና 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ለማሳለፍ መንገድ እየቀደዱ ነበር የተጓዙት። አለቱን በባሩድ እያፈረሱ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እያስተካከሉ ለመድረስ ወራት ፈጀባቸው። አለት ጉልበት ያስጨርሳል እንጂ አንዴ ከተቆረጠ ባብዛኛው ባለበት ይቆማል።

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወረድ ነገሩ ሌላ ነው። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ደለላቸውን ለዘመናት ያፈሰሱበት የፎገራ ሜዳ፣ ክረምት ክረምት ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ነው፤ ሩዝ የተስማማውም ለዚህ ነው። በበጋ ሽንኩርቱን ለማጠጣት ጉድጓድ የሚያወጣ ሰው የላዩን አፈር ያለ ችግር ይቆፍራል። ውሃው ያለበት አሸዋና ደለል ላይ ሲደርስ ግን ግድግዳው ከግርጌው እየተሸረሸረ ወደ ውስጥ ይፈስበታል፤ ባወጣ ቁጥር ይሞላል፤ ከላይ ያለው ደረቅ አፈርም ሥሩ ባዶ ስለሆነ በድንገት ይወርዳል። ጉድጓድ ቆፋሪ የሚቀበረው እንዲህ ነው። አፈሩን የሚገፋው ውሃው ነው፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ ወደ ተከፈተው ቦታ ሲሮጥ አሸዋውን ይዞት ይመጣል።

ለዚህ የታወቁ መላዎች አሉ። ለውሃ ጉድጓድ የኮንክሪት ቀለበት እየደረቡ ማውረድ ይቻላል። ለሕንፃ መሠረት ዙሪያውን የብረት ሉህ መትከል፣ ኮንክሪት ፓይል መደርደር፣ ውሃውን በፓምፕ ስቦ ማውረድ፣ ወይም ሲሚንቶ በግፊት አፈሩ ውስጥ ማስገባት የተለመደ ነው። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ፤ ዋጋቸውም ይቀላል። ነገር ግን ውሃውን በፓምፕ ሲያወርዱት የጎረቤት ሕንፃ ሥር ያለው አፈር አብሮ ይሰምጣል፤ ሲሚንቶውም ደቃቅ ደለል ውስጥ አልገባ ይላል።

ውሃና ጭቃ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ በአገራችን ከግልገል ጊቤ ሁለት የውሃ ኃይል ማመንጫ የበለጠ ምስክር የለም። የፎፋን ተራራ ሰንጥቆ ውሃውን ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚያወርደው ዋሻ ርዝመቱ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማመንጫውም 420 ሜጋ ዋት ነው። በጥቅምት 1999 ዓ.ም ዋሻውን የሚቆፍረው ግዙፍ ማሽን አለቱ ተሰባብሮ ጭቃ የሆነበት ስንጥቅ ላይ ደረሰ። ጭቃው ማሽኑን ይዞ ወደ ኋላ ገፋው። ግፊቱ 40 ባር ደረሰ፤ ይህም 400 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ከሥሩ የሚያሳርፈው ጫና ማለት ነው። መሐንዲሶቹ በጎን ሌላ መተላለፊያ መቆፈር፣ ውሃውን ማፍሰስና ማሽኑን ከጭቃው ማላቀቅ ነበረባቸው፤ ሥራውም እጅግ ዘገየ። በጥር 2002 ዓ.ም ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ዋሻው በሌላ ቦታ ተደርምሶ ማመንጫው ለወራት ቆመ።

እንግዲህ የማቀዝቀዙ ጥበብ የሚጠራው እንዲህ ያለ መሬት ሲገጥም ነው። ጀርመናዊው የማዕድን መሐንዲስ ፍሪድሪክ ሄርማን ፖይትሽ እ.ኤ.አ. በ1883 የፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበበት፤ በዚያው ዘመን በጀርመን የማዕድን ጉድጓድ ላይ ሠራበት። መሠረታዊ አሠራሩ ዛሬም አልተለወጠም።

በሚቆፈረው ቦታ ዙሪያ፣ እርስ በርሳቸው አንድ ሜትር ያህል ተራርቀው ቀጫጭን ጉድጓዶች ይሰረሰራሉ። በየጉድጓዱ ታችኛው ጫፉ የተዘጋ የብረት ቱቦ ይገባል፤ በቱቦው ውስጥ ደግሞ ሌላ ቀጭን ቱቦ። ካልሲየም ክሎራይድ የተባለው ጨው የተበጠበጠበት ውሃ በማቀዝቀዣ ማሽን ከዜሮ በታች 25 እስከ 35 ዲግሪ ይደርስና በውስጠኛው ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ባለው ክፍተት ሲመለስ የአፈሩን ሙቀት ይዞ ይወጣል። ጨው ስላለበት እሱ ራሱ አይረጋም። ማሽኑም ቤት ውስጥ ካለው ፍሪጅ የሚለየው በትልቅነቱ እንጂ በአሠራሩ አይደለም።

በየቱቦው ዙሪያ በረዶ ያረገዘ አፈር ምሰሶ ሆኖ ቀን በቀን ይወፍራል። ሥራው ቶሎ አያልቅም፤ ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሲደርስ ወዲያው በረዶ አይሆንምና። አንድ ኪሎ ውሃ ዜሮ ላይ እያለ ለመርጋት ብቻ የሚለቀው ሙቀት ያንኑ ውሃ ከ80 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ ከሚወጣው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያለማቋረጥ ይሠራል። በመጨረሻ ምሰሶዎቹ ተጋጥመው እንደ ጎታ ዙሪያውን የገጠመ ግድግዳ ይሆናሉ። በሚገባ የቀዘቀዘ እርጥብ አሸዋ ጥንካሬው ከኮንክሪት ጋር የሚወዳደርበት ጊዜ አለ፤ ሸክላ አፈር ግን ከዚያ ይደክማል።

ግድግዳው መግጠሙ የሚታወቅበት መንገድ የዚህ ሙያ ውብ ነገር ነው። በክቡ መሐል አንድ ክፍት ጉድጓድ ይተዋል። ውሃ ሲረጋ መጠነ ይዘቱ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ዙሪያው ክፍት እስካለ ድረስ የተገፋው ውሃ ወደ ውጭ ይሄዳል። ክቡ የገጠመ ዕለት ግን መውጫ ስላጣ በመሐለኛው ጉድጓድ ሽቅብ ይነሣል፤ አንዳንዴም ከአፉ ሞልቶ ይፈስሳል። ይህን ያዩ ሠራተኞች ከዚያ በኋላ ነው አካፋ የሚያነሡት። እስከዚያው በየጥልቀቱ የተቀበሩ የሙቀት መለኪያዎች ሌት ተቀን ይነበባሉ።

ጊዜ የሌለበት አጋጣሚ ላይ፣ በተለይ ውሃ ሰብሮ ሲገባ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይታዘዛል። ይህ ነገር ለደቡብ ጎንደር እንግዳ አይደለም። ላም የሚያዳቅሉት ቴክኒሻኖች የኮርማ ዘር የሚይዙበትን ያንን ወፍራም ዕቃ ሲከፍቱት ነጭ ጭጋግ ከአፉ ፈሶ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ውስጡ ያለው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ናይትሮጅን ነው። ግንባታ ላይ ያው ፈሳሽ በቦቴ መጥቶ ወደ ቱቦዎቹ ይለቀቅና በቀናት ውስጥ ግድግዳ ያቆማል። ተንኖ አየር ላይ ስለሚቀር ግን ዋጋው ከባድ ነው፤ ዋሻ ውስጥ ኦክስጅንን አስወጥቶ ሰው ስለሚያፍንም ያለ አየር ማስወጫና ያለ ጋዝ መለኪያ አይነካም።

ጥበቡ ያስገኘው ውጤት ቀላል አይደለም። በቦስተን የባቡር ሐዲዶች ሥር የመኪና ዋሻ ሲገፋ አፈሩ ቀዝቅዞ ነበር፤ ባቡሮቹም ከላይ መሄዳቸውን አላቆሙም። በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተው የሙዚየም ደሴት የሜትሮ ጣቢያ ከሽፕሬ ቦይ ሥር በቀዘቀዘ አፈር ተከልሎ ተቆፈረ። በካናዳ የሲጋር ሌክ ዩራኒየም ማዕድን የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ በቅዝቃዜ ታግዶ ነው። በጃፓን ፉኩሺማ ደግሞ ከኮረብታው የሚወርደው ውሃ ወደ ተጎዱት የኒውክሌር ማብለያዎች እንዳይገባ 1.5 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 30 ሜትር ጥልቀት ያለው የበረዶ ግድግዳ እ.ኤ.አ. በ2016 መቀዝቀዝ ጀመረ። ውሃውን ፈጽሞ አላቆመውም፤ መጠኑን ግን ቀንሶታል።

ጥፋትም ደርሷል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለአንባቢ አይበጅም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2003 ሻንጋይ ውስጥ ሁለት የሜትሮ ዋሻዎችን የሚያገናኝ መተላለፊያ በቀዘቀዘ አፈር ሲቆፈር ውሃና አሸዋ ሰብሮ ገባ፤ ዋሻው ተደረመሰ፤ ከላይ ያሉ ሕንፃዎች ሰመጡ፣ ፈረሱም። ሰዎቹ ቀድመው ስለወጡ ሕይወት አልጠፋም። በጀርመን ራሽታት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 በበረዶ በተጠናከረ አፈር ውስጥ ከሚቆፈር ዋሻ በላይ ያለው ዋና የባቡር መስመር ሐዲድ ሰመጠ፤ መስመሩም እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ተዘጋ። በሌኒንግራድ እ.ኤ.አ. በ1974 ውሃና አሸዋ የሰበረውን የሜትሮ ዋሻ በቅዝቃዜ አልፈው በ1975 ከፈቱት፤ ከቀለጠ በኋላ ግን መሬቱ አላረፈም ነበርና ዋሻው በ1995 በውሃ ተይዞ ተዘጋ። መስመሩ የተመለሰው በ2004 ነው።

የዚህ ጥበብ ጠላቶች የታወቁ ናቸው። ከምድር በታች የሚሮጥ ውሃ ሙቀት እያመጣ ግድግዳው እንዳይገጥም ያደርጋል፤ በቀን ከአንድ ሁለት ሜትር በላይ የሚሄድ ከሆነ የጨው ውሃው ይቸገራል። አንድ ቱቦ ሲሰረሰር ወደ ጎን ካዘነበለ መስኮት ይቀራል፤ ውሃ ሁሉ በዚያች መስኮት ይሽቀዳደማል። አፈሩ ሲረጋ ያብጣል፣ ሲቀልጥ ይሰምጣል፤ ሸክላና ደለል በዚህ ይብሳሉ፤ የፎገራ ሜዳም ከዚሁ ወገን ነው። መብራት መጥፋቱ ብቻውን ወዲያው አያጠፋም፤ በደንብ የወፈረ ግድግዳ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል። ሆኖም ተጠባባቂ ጄኔሬተር ሳይኖር መጀመር በሰው ሕይወት መወራረድ ነው።

ጊቤ ሁለት ላይ ቢሞከርስ ኖሮ ብሎ መጠየቅ አይቀርም። 40 ባር በሚገፋ ጭቃ ፊት ቆሞ ደርዘን ቱቦ መሰርሰር ራሱ ሌላ አደጋ ነው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ጭቃው የሚፈነዳበት በር ይሆናል። ስለዚህ ማቀዝቀዝ የሁሉ መድኃኒት አይደለም። ቦታው አስቀድሞ ሲታወቅ፣ ጥልቀቱ ሲመጠን፣ ከላይ የሚሰምጥ ሐዲድ ወይም ሕንፃ ሲኖርና ሌላው መላ ሁሉ ሲያልቅ ግን ተወዳዳሪ የለውም።

ለዛሬዎቹ የወረታና የአዲስ ዘመን ከተሞች የኮንክሪት ቀለበቱ፣ ፓይሉና ፓምፑ ይበቃሉ። ዕውቀቱ ግን ከወዲሁ መግባት አለበት። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ጋፋት የሚል ስም የያዘ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። የፎገራን ደለል በበርሜል ሞልቶ፣ ቱቦ ሰክቶ፣ የቀዘቀዘ ጨው ውሃ አዙሮ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት፣ ምን ያህል እንደሚያብጥና ሲቀልጥ ምን ያህል እንደሚሰምጥ መለካት ከአንድ የሲቪል ምህንድስና ክፍል አቅም በላይ አይደለም። ተማሪዎቹ ይሞክሩት። በሜዳው ላይ ጥልቅ መሠረት ወይም ጉድጓድ ለማስቆፈር ያሰበ ሰው ሁሉ፣ ሠራተኛ ከማስገባቱ በፊት የአፈር ምርመራ ያስደርግ፤ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ በክረምትም በበጋም ያስለካ።