ሐኪሙ በፍርድ ቤት፦ የሙያ ምስክርነት በአካል ጉዳት ክርክር

የመኪና አደጋ የደረሰበት ወይም በሥራ ላይ ሳለ ከፎቅ የወደቀ ሰው በቅድሚያ የሚቀርበው ከሐኪም ዘንድ ነው። ከወራት በኋላ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሲያመራ ግን ዳኛው በእጁ የሚያገኘው በተረኛ ሐኪም በጥድፊያ የተሞላ የአንድ ገጽ የሕክምና ማስረጃ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህች ወረቀት ብዙ ትወስናለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ይደነግጋል፤ በቁጥር 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ካሳ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ሲሆን፣ ከፊል ጉዳት ከዚሁ ተነሥቶ እንደ ጉዳቱ መጠን ይሰላል። እንግዲህ የሕክምና ቦርዱ 10 ከመቶ በማለት ፈንታ 20 ከመቶ ቢል ካሳው በእጥፍ ያድጋል። በወንጀል ጉዳይም ድርጊቱ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 555 ከባድ ወይም በቁጥር 556 ቀላል የአካል ጉዳት መባሉ በአብዛኛው በሐኪሙ ገለጻ ላይ ይመሠረታል።

ሐኪም በሁለት መልክ ሊመሰክር ይችላል። ተጎጂውን ያከመ ሐኪም ያየውንና ያደረገውን ይናገራል፤ በልዩ አዋቂነት የተመረጠ ሐኪም ደግሞ ማስረጃዎችን መርምሮ ሙያዊ አስተያየቱን ይሰጣል። ማንም ቢጠራው ወይም አበሉን ማንም ቢከፍል፣ ግዴታው ፍርድ ቤቱን መርዳት እንጂ ለከሳሽ ወይም ለተከሳሽ መወገን አይደለም።

የመልካም ምስክርነት መሠረቱ የሚጣለው ችሎት ውስጥ ሳይሆን በምርመራ ክፍል ነው። የቁስሉ ቦታ፣ ጎኑ (ቀኝ ወይም ግራ)፣ በሴንቲ ሜትር የተለካ ርዝመቱ፣ ምርመራው የተደረገበት ቀንና ሰዓት በካርዱ ላይ ይጻፍ። ታካሚው የነገረው «እንደ ገለጸው» ተብሎ ሐኪሙ በዐይኑ ካየው ተለይቶ ይመዝገብ። «በዱላ ተመትቶ» ብሎ እንደ ራስ ግኝት መጻፍ ሐኪሙን ባላየው ነገር ምስክር ያደርገዋል።

አስቸጋሪው ጥያቄ የምክንያትና የውጤት ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ያህል የወገብ ሕመም የነበረበት ሾፌር ከግጭት በኋላ ሕመሙ ቢብስበት፣ አደጋው ሕመሙን አመጣው ወይስ አባባሰው? ሐኪሙ የቀደመውን ካርድና ራጅ ሳያይ መልስ መስጠት የለበትም። የቀደመውን ሕመም መደበቅ ተከሳሹን ይበድላል፤ ሁሉንም በቀደመው ሕመም ማሳበብ ደግሞ ተጎጂውን ይበድላል። የዘላቂ ጉዳት መጠንም ስብራቱ ሳይጠገን፣ የመገጣጠሚያው እንቅስቃሴ ሳይረጋጋ ሊወሰን አይገባም።

መጥሪያ የደረሰው ሐኪም ካርዱን ደግሞ ማንበብ ይኖርበታል። ጠበቃ ስለ ጠየቀ ብቻ ያለ ታካሚው ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የታካሚውን ምሥጢር መግለጽ አይገባም። በችሎት ፊት በእንግሊዝኛ አሕጽሮተ ቃል ፈንታ ዳኛው በሚረዳው ቋንቋ «የቅልጥሙ አጥንት በሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ጉልበቱ ከዚህ በላይ አይታጠፍም» ማለት ይበጃል። ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ማለት የዳኛው ሥራ ነው። በመስቀለኛ ጥያቄ ከሙያው ውጪ የሆነ ነገር ሲቀርብለት «ይህ ከሙያዬ ውጪ ነው» ብሎ የሚመልስ ሐኪም አይዋረድም፤ ይልቁንም ቀሪው ቃሉ የበለጠ ይታመናል።

በሥራ ብዛት ለተጨናነቀ ሐኪም የሕክምና ማስረጃ መሙላትና ችሎት መቅረብ ተጨማሪ ሸክም መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም እግሩን ላጣ የቀን ሠራተኛ ያ ማስረጃ የቤተሰቡ የነገ እንጀራ ነው፤ ያለ አግባብ ለተከሰሰ ሰውም ነጻነቱ ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ የተጻፈ ማስረጃ የሕክምናው አንድ ክፍል ተደርጎ ሊታይ ይገባል።