ፍሬን አልባው ሞተር፦ ከጆሃንስበርግ ሜዳ እስከ ፎርሙላ 1

ስፒድዌይ ፍሬን በሌላቸው ሞተር ብስክሌቶች የሚደረግ ውድድር ነው። አራት ሞተረኞች ልቅ አፈርና ደቃቅ ጠጠር በለበሰ ሞላላ ሜዳ ላይ ወደ ግራ እየታጠፉ አራት ዙር ይጋልባሉ፤ ሁሉም ነገር በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልቃል። አንደኛው 3፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ነጥብ ሲያገኝ አራተኛው ባዶውን ይቀራል።

ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 500 ሲሲ፣ ነዳጁም ሜታኖል ነው። ሞተረኛው ኩርባው ላይ ሲደርስ ነዳጅ በመስጠት የኋላ ጎማውን ወደ ውጭ ያንሸራትታል፤ መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ሶሉ ብረት የለበሰውን ግራ ጫማውን መሬት ላይ እየጎተተ ሚዛኑን ይጠብቃል። ፍጥነቱን የሚገታለት ያው መንሸራተት ነው። ፍሬን የሌለውም በምክንያት ነው፤ ከፊት ያለው ድንገት ቢይዝ ተከትለውት የሚበሩት ላዩ ላይ ይከመራሉ።

ስፖርቱ በ1920ዎቹ ከአውስትራሊያ ተነስቶ በ1928 እንግሊዝ ገባ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደቡብ አፍሪካም ሲደርስ፣ በጆሃንስበርግ ዋና መናኸሪያው በከተማዋ ደቡብ፣ ተርፈንቴን የሚገኘው ዌምብሌ ስታዲየም ነበር። የእንግሊዝ ክረምት ለደቡብ አፍሪካ በጋ በመሆኑ፣ እዚያ ውድድር ሲዘጋ ደቡብ አፍሪካ ይከፈት ነበር፤ ጎበዝ ሞተረኛ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አያጣም ነበር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ግን ስሱ አየር የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ የሚያሽከረክር ሰው ይህን ያውቀዋል። መካኒኩ የሚገባውን ነዳጅ ከአየሩ ጋር ማመጣጠን ግድ ይሆንበታል።

ከስፒድዌይ ዓለም ወጥተው ሩቅ ከደረሱት አንዱ ትሬቨር ብሎክዳይክ ነው። በ1935 የተወለደው ከጆሃንስበርግ በስተ ምዕራብ ባለችው የማዕድን ከተማ ክሩገርስዶርፕ ነው። በስፒድዌይ የደቡብ አፍሪካ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ወደ መኪና ውድድር ተሻገረ። በርግጥ በአፓርታይድ ዘመን ይህን መሰሉ መንገድ የተጠረገው ለነጮች ነበር፤ በዚያው ማዕድን የሚለፋው ጥቁር ወጣት ችሎታው ቢኖረው እንኳ ማን ያየው ነበር?

ብሎክዳይክ ታኅሣሥ 28 ቀን 1963 ኢስት ለንደን ላይ በፎርሙላ 1 የደቡብ አፍሪካ ግራንድ ፕሪ አሮጌ ኩፐር መኪና ይዞ ተሰለፈ። የውድድሩ አሸናፊ ጂም ክላርክ የዓመቱን ሰባተኛ ድሉን ሲያስመዘግብ እርሱ 12ኛ ወጣ። ያረጀ መኪና ይዞ ውድድሩን መጨረስ ብቻውን ሊመሰገን የሚገባው ነው። በ1965 ዳግም ቢሞክርም ማጣሪያውን አላለፈም። ከዚያ አውሮፓ ሄዶ በፎርሙላ 3 ተወዳደረ። በ1995 አረፈ።