ይፋት ያዋጣል፤ ማን ይደልድል?

የእድር ደብተር ከፍቶ ያየ ሰው መልኩን አይረሳውም። በግራ በኩል የአባላት ስም ከነአባት፣ በቀኝ በኩል አሥራ ሁለቱ ወራት በማስመሪያ ተለይተው፣ በየሳጥኑ «ከፍሏል» የሚል ምልክት ወይም የቅጣት ብር። መጨረሻ ገጹ ላይ ንብረት ተዘርዝሯል፦ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ጭልፋ፣ የሻይ ብርጭቆ በደርዘን። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በአጣዬ በኩል ወደ ከሚሴ በሚዘልቀው የይፋት ቆላ እንዲህ ያለ ደብተር በየሰፈሩ አለ። ወደ ወሎ ጠጋ ሲሉ ስሙ ቅሬ ይሆናል እንጂ ሥራው ያው ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ገንዘቡም ውሎ ሳያድር ከሐዘንተኛው እጅ ይገባል።

ለሞት እንዲህ የተደራጀ ሕዝብ ለሕይወት የሚሆን የጋራ ቋት እንዴት አጣ? የአካል ጉዳተኞች ማኅበር፣ የሴቶች የቁጠባ ቡድን፣ ወጣቶችን የሚያስታርቅ ኮሚቴ ገንዘብ ሲያስፈልጋቸው ማመልከቻቸውን ይዘው የሚሄዱት ወደ ማን ነው? ጥያቄው በይፋት ብቻ ሳይሆን በመላ አገሪቱ ለብዙ ዓመታት ሲንከባለል የመጣ ነው። መልስ ሲፈለግ የሚነሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ «ገንዘቡ ከየት ይምጣ» የሚለው ብቻ ነው። እኔ ግን ዋናው ችግር «ማን ይደልድለው» የሚለው ላይ ነው እላለሁ።

በሌላው ዓለም ለዚህ የቆመ ተቋም አለ። በ1914 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ፍሬድሪክ ጎፍ የተባለ የባንክ ሰው አንድ ነገር አሳሰበው። ሀብታሞች ሲሞቱ ገንዘባቸውን ለተወሰነ ጉዳይ ይናዘዛሉ፤ ዘመን ሲያልፍ ጉዳዩ ይጠፋል፤ ገንዘቡ ግን ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ የብዙ ሰዎችን ስጦታ በአንድ ቋት ሰብስቦ፣ በየጊዜው ለከተማው ለሚያስፈልገው ሥራ የነዋሪዎች ኮሚቴ እንዲያከፋፍለው አደረገ። የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን የሚባለው አሠራር የተጀመረው በዚህ ነው። ጎረቤታችን ኬንያም በዚሁ አቆጣጠር በ1997 የራሷን አቋቁማለች። እኛ ዘንድም ሐሳቡ ባዕድ አይደለም። በይፋት ቆላ ለመስጊድ ንብረቱን ወቅፍ ያደረገ ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ዋናው አይነካም፣ ፍሬው ግን ያገለግላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ንብረትን ለበጎ ተግባር ለዘለቄታው ስለመስጠት ድንጋጌዎች ነበሩት።

መንገዱ የጠበበው በኋላ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በፆታና በሃይማኖት እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታትና በእርቅ ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የመጨረሻዋን ቃል ልብ እንበላት። በዚሁ ቆላ ባለው ሰንበቴ ገበያ ላይ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ እህሉንና ከብቱን ይዞ ይገናኛል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ይኖራል፣ በሠርግ በለቅሶ ይጠራራል። እንዲህ ላለ አገር የእርቅ ሥራ የዕለት እንጀራ ነው። ሕጉ ግን ያን ሥራ ለአገር ውስጥ ገንዘብ ብቻ ተወው። የአገር ውስጡን ገንዘብ አሰባስቦ የሚሰጥ ቋት ደግሞ አልነበረም። እናም ለአሥር ዓመታት ሽማግሌዎች በራሳቸው ኪስ፣ በራሳቸው እግር ሲያስታርቁ ኖሩ። የተደራጀ እርቅ ቢኖር ኖሮ በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ላይ የደረሰው ቃጠሎና እልቂት ይቀር ነበር ብዬ አልከራከርም። በክፉ ቀን የሚሮጡ ሰዎች ግን ስንቅ አልነበራቸውም።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ገደብ አነሳ። ድርጅቶች ከየትም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ እንዲያገኙ፣ የገቢ ማስገኛ ሥራም እንዲሠሩ ፈቀደ። የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት የማቋቋም መብትም አለ። በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ከፊቱ አዋጅ ሳይለወጥ ተሻገረ፦ እድርና እቁብ ከአዋጁ ውጪ ናቸው። በአንድ በኩል ጥሩ ነው፤ መንግሥት በቀብር ደብተር ውስጥ እጁን አያስገባም። በሌላ በኩል ግን በአገሪቱ ከሁሉም በላይ የሚታመነው ተቋም የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚይዘው ሰርተፍኬት የለውም ማለት ነው፤ ለጋሽ ድርጅት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ያንን ነው። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅም ለአገር በቀል በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠን ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ ይይዛል። የሸዋ ሮቢት የሽንኩርት ወይም የማሾ ነጋዴ ለእድሩ የሰጠው ግን ከዚህ አይቆጠርለትም።

ከውጭ የሚመጣው ድጋፍ በምን መልክ እንደሚመጣ የወረዳ ከተማ ማኅበር ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ፕሮፖዛሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የኦዲት ሪፖርት ይጠየቃል፤ ማመልከቻው በኢሜይል ይላካል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቀነ ገደቡ ያልፋል። ስለዚህ ገንዘቡ አዲስ አበባ ቢሮ ላለው ይደርሳል፣ ከዚያም እየተሸነሸነ ቆላ ይወርዳል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በድንገት ሲያግድ ይህ ሰንሰለት ምን ያህል ቀጭን እንደነበር ሁላችንም አየን።

የራሳችን ሙከራዎችስ? በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ አስቆርጠዋል። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው የአማራ ልማት ማኅበር፣ አልማ፣ ከአባላት መዋጮ እየሰበሰበ በክልሉ ትምህርት ቤት ይሠራል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም አልማ ራሱ ሰብስቦ ራሱ የሚገነባ ነው እንጂ ትናንሽ ማኅበራትን አወዳድሮ የሚደግፍ ቋት አይደለም። ወደዚያ የቀረበው የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ትረስት ፈንድ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ሲጠይቁ የተቋቋመ፣ ፕሮጀክት ለሚያቀርቡ ድርጅቶች ገንዘብ የሚሰጥ ፈንድ ነው። የሚወስነው ቦርድ ግን አገራዊ ነው፤ በይፋት የቀወት ወረዳ ሰው ጎረቤቱን ቦርዱ ውስጥ አያገኘውም።

ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ትምህርት ያለው በኤችአይቪ ዘመን የሆነው ነው። በዚያ ጊዜ የአዲስ አበባ እድሮች ቀብሩ ሲበዛባቸው «ሰው ሳይሞት እንድረስለት» ብለው ተነሱ፤ የታመመ መጠየቅና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መደገፍ ያዙ። የእርዳታ ድርጅቶችም ገንዘብ ሰጧቸው። እድር ከቀብር ውጪ ሊሠራ እንደሚችል የታየው በተግባር ነው።

በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲገባ ሕዝቡ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። ያስጠለለው፣ እንጀራ የጋገረለት፣ ብርድ ልብስ ያዋጣለት መጀመሪያ ሰው ነው፤ ድርጅት የመጣው በኋላ ነው። መዋጮው በየማኅበሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ፣ በውጭ ባሉ ልጆች በኩል ጎረፈ። አደጋው ሲያልፍ ኮሚቴው ተበተነ፣ የባንክ ሒሳቡ ባዶ ሆነ። በሚቀጥለው መከራ ሁሉም ከሀ ይጀምራል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ ይህንኑ አስደጋግሞታል።

ታዲያ ለምን በእድሩ ገንዘብ አንጀምርም የሚል ይኖራል። የእድር ዳኛን ብትጠይቁት እሺ አይላችሁም፤ ትክክልም ነው። ሞት ቀጠሮ የለውም፤ የቀብር ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ወጥቶ ሬሳ ቢጠብቅ ያ እድር ዳግመኛ አይታመንም። መፍትሔው ሁለተኛ ደብተር ነው። በሌላ ስም፣ በሌላ የባንክ ሒሳብ፣ ከእድሮችና ከቅሬዎች በተውጣጡ ሰዎች የሚመራ፣ በአዋጅ 1113 መሠረት በሕግ የተመዘገበ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባውም በውሳኔው ይቀመጡበት። ማመልከቻው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ በሁለት ገጽ ይሁን፤ መጻፍ የማይችል በቃሉ ይናገር። ማን ስንት እንደተሰጠው፣ ማን ለምን እንደተከለከለ፣ እድር ሒሳቡን በዓመቱ ለአባላት እንደሚያነብበው፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ።