«ፀሐይ» እና የጎጃሙ ፍንጣሪ

አንባቢ ሆይ፤ ስለ አየር ኃይል ቅርስ ሲነሣ ቀድማ የምትጠራው «ፀሐይ» ናት። ጀርመናዊው አብራሪ ሉድቪክ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፥ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው ይህች ትንሽ አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. በጣልያን ወራሪ ተማርካ ሄደች፤ ኋላም ሮም አጠገብ በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ስትታይ ቆይታ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመለሰች። እሰየው ነው!

በቢቸናና በሞጣ ግን አውሮፕላን ሌላም ነገር ያስታውሳል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ታውጆ፥ ገበሬው መሬቱ እንዳይለካበት ፈርቶ ሲያምፅ፥ በጎጃም መንደሮች ላይ ቦምብ የጣለው የገዛ ራሳችን አየር ኃይል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በኋላ ውዝፉን ግብር ማሩ። ሙዚየም ይህንን ከደበቀ ምኑን ሙዚየም ሆነ?

እንግዲህ በአያትዎ ጎተራ ሥር የዚያ ዘመን ፍንጣሪ ቢያገኙ፥ ለቀጥቃጭ ሰጥተው ማረሻ አያሠሩት። የወደቀበትን ስፍራና ያየውን ሰው ቃል ጽፈው ያኑሩት። ያልፈነዳ ከመሰለዎ ግን አይንኩት፤ ለፖሊስ ያስታውቁ።