ጽሑፍ የሚቀበለው ካሜራ

እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ ስለ አንድ ካሜራ እናነባለን። ካሜራ ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ ነው። ይህኛው ግን መልክ ብቻ አይደለም የሚይዘው። ጽሑፍም ይይዛል። እንዴት? እስቲ እንየው።

ካሜራውን የሠራው ኮዳክ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 ለገበያ አወጣው። በዚያ ዘመን ብዙ ካሜራዎች ትልልቅ ነበሩ። ይህ ግን ሲታጠፍ ኪስ ይገባል። ክብደቱ ሩብ ኪሎ ያህል ነው። ዋጋው 6 ዶላር ነበር። ስሙንም "የሰደርያ ኪስ ኮዳክ" አሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአንጥረኛን ወናፍ ሁላችንም እናውቃለን። ሲስቡት ይዘረጋል፤ ሲጫኑት ይታጠፋል። ካሜራውም የሚታጠፍ ወናፍ አለው። ይህ ወናፍ ግን እሳት አያናፋም። ሥራው ውስጡን ጨለማ ማድረግ ነው። ከፊት ሌንስ የሚባል መስተዋት አለ። ከኋላ ፊልም አለ። ፊልም እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ ስስ ነገር ነው። ብርሃን ካገኘው ይበላሻል። አንሺው መጫኛውን ሲነካ፣ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያህል ብርሃን ይገባል። የሰውየው መልክ ፊልሙ ላይ ያርፋል። ከዚያ ፊልሙን ያዞረዋል። በአንድ ጥቅል 8 ፎቶ ይነሣል።

ጽሑፉስ? ሄንሪ ጌይስማን የሚባል ሰው አንድ ዘዴ ፈለሰፈ። ኮዳክ ዘዴውን በ300,000 ዶላር ገዛው። በ1915 ይህችም ትንሽ ካሜራ ዘዴው ተጨመረላት። በጀርባዋ ጠባብ በር ወጣላት። አንሺው ፎቶ ካነሣ በኋላ በሩን ይከፍታል። ፊልሙን የሸፈነ ወረቀት ይታየዋል። በቀጭን ብረት ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። ብረቱ የተጫነው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ በሩን ለጥቂት ሴኮንድ ለብርሃን ክፍት ይተወዋል። ፊልሙ ሲታጠብ ጽሑፉ ከፎቶው ጎን ይወጣል። "እገሌ፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን" ይላል።

ያን ጊዜ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተጀምሮ ነበር። ጦርነቱ ከ1914 እስከ 1918 ቆየ። ብዙ ወታደሮች ይህን ካሜራ ገዙ። ኩባንያውም "የወታደር ኮዳክ" እያለ ሸጠው። የእንግሊዝ ጦር ወታደሮቹ በግንባር ካሜራ እንዳይዙ ከለከለ። አንዳንዶቹ ግን ደብቀው ያዙ። ጓደኞቻቸውን አነሡ፤ ምሽጉን አነሡ።

ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ አልተመለሱም። ፎቶዎቹ ግን ተረፉ። ስም የተጻፈለት ፎቶ ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር ነው። "ልጃችን ይኸውና፤ እዚህ ነበረ" ያሰኛል። ስም ያልተጻፈለትስ? የሚያውቁት ሰዎች ሲያልፉ ማንነቱ አብሮ ይጠፋል። መልኩ ያያችኋል፤ ስሙን ግን አይነግራችሁም።

ካሜራው እስከ 1926 ተሠርቶ ቆመ። ቁም ነገሩ ግን ለእኛም ይጠቅማል። በየቤታችን ግድግዳ ላይ፣ በየሣጥናችን ውስጥ ፎቶ አለ። የአያት ፎቶ አለ። ከተማ የሄደ ልጅ የላከው ፎቶ አለ። የልጅ ልጅ መጥቶ "ይኼ ማነው?" ሲል ማን ይነግረዋል? እኛ ሁልጊዜ አንኖርም።

እንግዲህ ፎቶውን አውርዱት። ጀርባውን አዙሩት። መልኩ እንዳይጎዳ እርሳሱን ሳትጫኑ ሦስት ነገር ጻፉ። የሰውየውን ስም ከነአባቱ ጻፉ። ቦታውን ጻፉ። ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። ቀጭን ብረት አያስፈልግም። ጻፍልኝ ብሎ ሰው መለመንም ቀርቷል። እርሳሱ በእጃችሁ ነው።