ሣጥኑ በእውነት ስንት ዲግሪ ነው?

ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። ሙቀት እንደሚያበላሸው ሁሉም ያውቃል። አንድ ጊዜ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን ግን መልኩ ባይለወጥም መጣል እንዳለበት ብዙ ሰው አያውቅም። ትንንሽ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ሣጥኖችን ስሠራና ስጠግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ላይኛው 8 ሳይሆን ታችኛው 2 ነው።

እነዚህ ሣጥኖች እንደ ቤት ፍሪጅ ኮምፕረሰርና ጋዝ የላቸውም። የሚያቀዘቅዛቸው ፔልቲየር የሚባል፣ ብዙ ጊዜ 4 በ4 ሳንቲሜትር የሆነ ስስ ነጭ ሰሌዳ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ፔልቲየር እ.ኤ.አ. በ1834 ሁለት የተለያዩ ብረቶች በሚገናኙበት ቦታ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ፣ ቦታው እንደ ኤሌክትሪኩ አቅጣጫ እንደሚሞቅ ወይም እንደሚቀዘቅዝ ደረሰበት። ሰሌዳው መቼ ይበርታ፣ መቼ ይረፍ የሚለውን የሚወስነው ኮንትሮለሩ ነው። ኮንትሮለሩ ደግሞ ሴንሰሩ ከነገረው ውጪ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ሣጥን ሊሠራ የሚመጣ ሰው ስለ ፔልቲየሩ አምፔር ሲጠይቀኝ፣ እኔ መጀመሪያ ስለ ሴንሰሩ እጠይቀዋለሁ።

ቴርሞካፕል የሚባለው ሴንሰር ለዳቦ ምድጃ ጥሩ ነው። በየገበያው የሚገኘው ኬ የሚባለው ዓይነት ግን ከሁለት ዲግሪ በላይ ቢስት እንኳ ደረጃው ይፈቅድለታል፤ ለእኛ ጠባብ ክልል አይሆንም። ፒቲ 100 የሚባለው የፕላቲነም ሴንሰር ለዓመታት የማይዛነፍ ታማኝ ዕቃ ነው። ነገር ግን ሬዚስታንሱ በአንድ ዲግሪ የሚለወጠው 0.385 ኦም ብቻ ስለሆነ፣ የሽቦው የራሱ ሬዚስታንስ ንባቡን ያዛባዋል፤ በአራት ሽቦ ካልተለካ ዋጋውን አያወጣም። ለትንሽ ሣጥን የምመርጠው ቴርሚስተር ነው። በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም የሆነው የተለመደው ዓይነት በዜሮ አካባቢ ከ30 ኪሎ ኦም በላይ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ለአንድ ዲግሪ ለውጥ ከ1,500 ኦም ያላነሰ ልዩነት ያሳያል። ሽቦው የሚጨምረው ጥቂት ኦም ከዚህ ጎን ምንም አይደለም።

ቴርሚስተር የራሱ አደጋ አለው። አንዲት እናት የልጃቸው ኢንሱሊን በረዶ እየሆነ ሲያስቸግራቸው ሣጥኑን አመጡልኝ። ኮንትሮለሩ 3 ዲግሪ ያሳያል፤ ውስጡ ግን ዜሮ ነው። ከዚያ በፊት ሴንሰሩ ተቀይሮ ነበር፤ ባለ 10 ኪሎ ኦም ወጥቶ ባለ 10 ኪሎ ኦም ገብቷል። ችግሩ ቤታ የሚባለው ቁጥር ነው፤ ቅዝቃዜው ሲጨምር ሬዚስታንሱ ምን ያህል እንደሚያድግ የሚናገረው እሱ ነው። ኮንትሮለሩ የተሠራው ለ3950 ሲሆን የተገጠመለት 3435 ነው። በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሚያነቡ ያኔ የፈተነው ሰው ምንም ስህተት ሊታየው አይችልም። በ3 ዲግሪ ግን ወደ ሦስት ዲግሪ ይለያያሉ።

ሴንሰር መፈተን ያለበት በሚሠራበት ቅዝቃዜ አካባቢ ነው የምለው ለዚህ ነው። ለዚያም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚቀልጥ ንጹሕ በረዶ ዜሮ ዲግሪ ነው። ከተጣራ ውኃ የተሠራ በረዶ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው በመዶሻ ያድቅቁት፤ ፔርሙስ ይሙሉበት፤ ክፍተቱን ብቻ የሚሞላ የተጣራ ውኃ ይጨምሩና ያማስሉት። ውኃ ከበዛና በረዶው ከላይ ከተንሳፈፈ ይሳሳታሉ፤ ውኃ ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ስለሆነ ታች ያለው 4 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩን ከውኃ ጠብቀው፣ ግድግዳውን ሳይነካ በበረዶው መሐል ያስገቡትና ንባቡ እስኪረጋ ይጠብቁ።

የፈላ ውኃን 100 ብለው የሚፈትኑም አሉ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ድሬዳዋ ወርደው ቢሞክሩ ወደ 96 ያገኛሉ። በረዶ የሚቀልጥበትን ዲግሪ ግን ከፍታ የሚለውጠው ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው። ለሁለተኛ ነጥብ ሴንሰሩንና የተረጋገጠ ቴርሞሜትርን አንድ ላይ አስሬ በ8 ዲግሪ ውኃ ውስጥ አነጻጽራለሁ። ስህተቱ በሁለቱም ነጥብ እኩል ከሆነ ኮንትሮለሩ ላይ ማስተካከያ ማስገባት ይበቃል። ካልሆነ ቴርሚስተሩ የዚያ ኮንትሮለር አይደለምና ይቀየራል።

በትክክል የሚያነብ ሴንሰርም ቦታውን ካልያዘ አይረዳም። ከክዳኑ ሥር አየር ላይ ከተሰቀለ 6 ሲያነብ፣ ቀዝቃዛውን ብረት ተደግፎ የቆመው ብልቃጥ በረዶ ሊሆን ይችላል። እኔ ውኃ በሞላ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ መድኃኒቱ በሚቀመጥበት መደዳ፣ ወደ ቀዝቃዛው ብረት ቀረብ አድርጌ አስረዋለሁ። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥርም ንባቡ አይዘልም፤ ኮንትሮለሩ የሚከተለው የመድኃኒቱን ቅዝቃዜ ይሆናል።